ከሽሮ ሜዳ ወሎ ሰፈር ለመመላለስ ኮርሳ (የውድድር ዓይነት ብስክሌት) ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የሽሮ ሜዳዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። የምሠራው ወሎ ሰፈር፣ ፋርማሲ ውስጥ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከቤት እወጣለሁ። ታክሲ ቀያይሬ 2 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ማታ ሰልፉ ብቻ 40 ደቂቃ የሚበላብኝ ቀን አለ። ከ4 ኪሎ እስከ ቦሌ የብስክሌት መስመር ከተሠራ ወዲህ ግን ልቤ ተነሥቷል። ታክሲው ቆሞ እኔ በመስኮት መስመሩን አያለሁ።

ባለፈው ወር እቁብ ደረሰኝ። ለብስክሌት የለየሁት 30 ሺህ ብር ነው። ከዚያ ካለፈ የቤት ኪራዬን ይነካብኛል።

ሁለት ብስክሌት አይቻለሁ። አንዱ መርካቶ ያገኘሁት ያገለገለ ኮርሳ ነው። ሰማያዊ ነው፣ መሪው ወደ ታች የተቆለመመ፣ ቴላዮው (ዋናው አካሉ) ቀጭን ብረት። 26 ሺህ አሉኝ። ሌላው አዲስ ማውንቴን ነው፣ ከፊትም ከመሀልም ሞላ አለው፣ 24 ሺህ። ኮርሳውን በአንድ እጄ አነሣሁት። ማውንቴኑ በሁለት እጄም ከበደኝ። ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ድረስ ደረጃ ስለሆነ ክብደት ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ዳገቱ ነው። ጠዋት ቁልቁለት ነው። ማታ ግን ከእስጢፋኖስ በቤተ መንግሥቱ በኩል 4 ኪሎ፣ ከዚያ 6 ኪሎ፣ ከዚያ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፎ እስከ ቤቴ ሽቅብ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ65 ነው። ልጅ ሆኜ እነዳ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ብስክሌት አልነካሁም። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ካቴና፦

እህቴ፣ 17 ዓመት ብስክሌት ጠግኛለሁ። ማውንቴኑን ተይው። በዚያ ዋጋ የሚመጣ ባለ ሁለት ሞላ ብስክሌት ዳገት ላይ ያደክምሻል። ፔዳሉን በረገጥሽ ቁጥር ሞላው ቁጭ ብድግ ይላል፣ ጉልበትሽ እዚያ ያልቃል።

ኮርሳውን ግን ቀለሙን አይተሽ አትግዢ። ማስመሪያና ማግኔት ይዘሽ ተመለሺ።

መጀመሪያ ልክሽን እወቂ። ጫማሽን አውልቀሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችሽ መሀል እስከ ላይ አስጠግተሽ ያዢ፣ ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ይለካልሽ። የወጣውን በ0.67 አባዢው። የቴላዮሽ ልክ በሴንቲ ሜትር እሱ ነው። ብስክሌቱ ላይ ደግሞ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ኩሽኔታ መሀል ጀምረሽ ኮርቻው የሚገባበት ቱቦ ጫፍ ድረስ ለኪ። አንድ ሁለት ሴንቲ ቢለያይ ኮርቻውን በማስተካከል ይታረቃል። አምስት ከተለያየ በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። ትልቅ ቴላዮ ላይ ፍሬን ለመያዝ ስትንጠራሪ ወገብሽና አንገትሽ ይጎዳል።

ከዚያ ፔዳሉ ጋ ያለውን የፊቱን ማርሽ ጥርስ ቁጠሪ። የድሮ ኮርሳ ብዙ ጊዜ 52 እና 42 ነው፣ ለውድድር የተሠራ። ኋላው ትልቁ 23 ጥርስ ከሆነ፣ በመጨረሻው ቀላል ማርሽ እንኳ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሪ 3.8 ሜትር ትሄጃለሽ። ሜዳ ላይ ደስ ይላል። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ግን፣ ያውም ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ፣ ጉልበትሽን ይጨርሰዋል። የፊቱ ትንሹ 34፣ የኋላው ትልቁ 28 ከሆነ ያው አንድ ዙር 2.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። 32 ካገኘሽ ደግሞ እሰየው። እኔ ብሆን ከብራንዱ በፊት የማየው ይህንን ነው።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውንም አንብቢ። 700 ወይም 622 የሚል ቁጥር ካለ ጥሩ ነው። 27 ወይም 630 ካለ ተጠንቀቂ። ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፣ ግን የቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ቀለበት) ዲያሜትር በ8 ሚሊ ሜትር ስለሚለያይ የአንዱ ጎማ ለሌላው አይገባም። የ27ቱን ጎማ ፍለጋ ከተማውን የሚያዳርሱ ደንበኞች አሉኝ።

ማግኔቱ ለቸርኬው ነው። ከተጣበቀ ብረት ነው። ብረት ቸርኬ በዝናብ ፍሬን አይዝም። ጠዋት ጠዋት ቁልቁል የምትወርጂ ሰው ነሽና በዚህ አትደራደሪ።

የባህር ዳር ልጅ፦

ካቴና ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ኮርሳ ባይሆንስ እላለሁ። ባህር ዳር ነው ያደግሁት። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ትምህርት ቤትም ገበያም በብስክሌት ነበር። አባቴ 20 ዓመት የነዳው ብስክሌት ቀጥ ያለ መሪ፣ የኋላ መጫኛና ሁለት ፓራፋንጎ ነበረው። ክረምት ላይ ልብሱ ሳይበላሽ ቢሮ ይገባ ነበር። አንቺም ነጭ ጋውን የምትለብሺ ሰው ነሽ። ፓራፋንጎ የሌለው ኮርሳ ሐምሌ ላይ ጭቃውን ጀርባሽ ላይ ነው የሚጽፈው። ቀጥ ባለ መሪ ደግሞ ከኋላሽ የሚመጣውን ታክሲ ዞር ብሎ ማየት ይቀላል።

በየቀኑ ነጂ፦

ሦስት ዓመት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ካዛንቺስ በኮርሳ ተመላልሻለሁ። በጣም እወደዋለሁ፣ ግን ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር። የኮርሳ ከመነዳሪ ብዙ ጊዜ ቀጭን ቫልቭ ነው ያለው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ደግሞ የተሠራው ለመኪና ቫልቭ ነው። አንድ ማታ ጎማዬ ተነፈሰ፣ ሦስት ጎሚስታ ጋ ደረስኩ፣ ሦስቱም አየር አላቸው፣ አንዱም ሊሞላልኝ አልቻለም። ብስክሌቴን ገፍቼ ቤቴ ገባሁ። ቫልቩ ላይ የምትጠመዘዝ ትንሽ የነሐስ ቆብ አለች፣ እሷ ካለች ማንም ጎሚስታ ይሞላልሻል። ቁልፍሽ ላይ አንጠልጥያት።

የጎማውን ስፋት 28 ሚሊ ሜትር አድርጊው። 23 እና 25 ለስላሳ አስፋልት ላይ ይፈጥናሉ፣ የእኛ ጉድጓድ ላይ ግን ከመነዳሪውን ቸርኬው ይነክሰዋል።

የሽሮ ሜዳዋ፦

ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሄድኩ። የእኔ ልክ 76 ወጣ፣ በ0.67 ሲባዛ 51። ሰማያዊው ኮርሳ 57 ነው! ማግኔቱ ከፍሪጅ ላይ ያነሣሁት ቢራቢሮ ነበረች፣ ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብላ ቀረች። ጎማው 27። ሻጩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ማግኔቷን ተቀብሎኝ ሌሎቹን ብስክሌቶቹን ሁሉ ሲሞክር አገኘሁት። ትቼው ወጣሁ። በጣም ነበር የወደድኩት፣ እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ አዝኜ ነው የሄድኩት።

የሽሮ ሜዳዋ፣ ከአንድ ወር በኋላ፦

ገዛሁ! ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሲሸጥ አገኘሁት። አሉሚኒየም ኮርሳ፣ ቴላዮው 51፣ ፊቱ 50 እና 34፣ ኋላው እስከ 28። 25 ሺህ። በቀረው ላይ ትንሽ ጨምሬ 28 ጎማ፣ ሄልሜት፣ መብራትና ቁልፍ ገዛሁ። የነሐሷ ቆብም አለች። የባህር ዳሩ ወንድሜ፣ ፓራፋንጎ የሚታሰርበት ቀዳዳ አለው፣ ከክረምት በፊት አስገጥማለሁ።

ጠዋት 30 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ማታ የመጀመሪያው ቀን ቤተ መንግሥቱ ጋ ወርጄ ገፋሁ፣ 6 ኪሎም ገፋሁ፣ ኤምባሲው ጋ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። በዘጠነኛው ቀን ኤምባሲውን ሳልወርድ አለፍኩት። ጥበብ የሚሸጡት ሴቶች በየቀኑ ሲያዩኝ ስለከረሙ አጨበጨቡልኝ፣ ዕንባዬ መጣ። አሁን 55 ደቂቃ ነው፣ ሰልፍ የለም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የኋላው ጎማ ሲዞር በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ፍሬኑን ጭረት ያደርጋል። ምን ይሆን?

ካቴና፦

እሰይ እህቴ! ቸርኬው ትንሽ ጎብጧል። ጭረቱ ያለበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጊ፣ ከዚያ እዚያ አካባቢ ያሉትን ራጂዎች (ቸርኬውን ከመሀሉ ጋር የሚያገናኙትን ቀጫጭን ሽቦዎች) ሁለት ሁለቱን በጣትሽ ጨብጪ። አንዱ ከሌሎቹ ላልቶ ታገኚዋለሽ። ግን ራስሽ አታጥብቂው፣ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይጎትታል። ለሚያውቅ ሰው ስጪ፣ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። እስኪሠራ ድረስ ቁልቁለቱን ቀስ ብለሽ ውረጂ።