ለሒሳብ ቢሮ ሦስት ኮምፒውተር ልገዛ ነው፤ የትኛው ፕሮሰሰር ያዋጣኛል?

ጥያቄ፦ የቢሮ ባለቤት፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁም። አዳማ ላይ ትንሽ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ አለችኝ። ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው። ሥራችን ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም)፣ ኤክሴል፣ በፓወር ግዕዝ ደብዳቤ መጻፍ፣ የደንበኞችን ግብር በኢንተርኔት ማሳወቅ፣ ስካንና ፕሪንት ነው። ጌም የለም፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ የለም። ያሉን ኮምፒውተሮች ግን አርጅተዋል። ወር ሲያልቅ አንድ ፋይል እስኪከፈት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሆኗል።

አዲስ አበባ ሄጄ ዋጋ ጠያይቄያለሁ። አንዱ ያገለገለ ኮር አይ7-3770 ነው። ሻጩ "አይ7 ስለሆነ ከሁሉም ይበልጣል" ብሎኛል፤ ዋጋውም ከሁሉም ርካሽ ነው። ሌላው ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060 ነው፣ ከአይ5-8500 ጋር። አዲስ ከፈለግሽ ደግሞ በአትሎን 3000ጂ ወይም በፔንቲየም ጎልድ ጂ6400 እንገጥምልሻለን አሉኝ። ትንሽ ብጨምር አይ3-10100 ይሆንልኛል። ሞኒተርና ኪቦርድ አለኝ። ከሦስቱ አንዱ ላይ የደንበኞቹ ዳታ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ በኔትወርክ ይከፍቱታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ አይ7ቱን ተዪው። አይ7 መባሉ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። መታየት ያለበት ጄኔሬሽኑ፣ ማለትም ትውልዱ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እዪ። 3770 ማለት 3ኛ ጄኔሬሽን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ። 8500 ደግሞ 8ኛ ነው፣ የ2018። 10100 ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ናቸው የሚነበቡት፤ 10ኛ ጄኔሬሽን ነው።

3770 መጥፎ ፕሮሰሰር አልነበረም። 4 ኮር (ሥራውን የሚሠሩ ክፍሎች) እና 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) አለው፤ ኤክሴልና ፒችትሪን ዛሬም ያሠራል። ግን ራሙ ዲዲአር3፣ ማለትም የቆየ ዓይነት ነው። ቦርዱ (ፕሮሰሰሩና ራሙ የሚሰኩበት ማዘርቦርድ) ቢበላሽ የምታገኚው ሌላ ያረጀ ቦርድ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። ማይክሮሶፍት የሚጠይቀው፣ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት መጠበቂያ) ያለው ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። "ዘዴ አለው፣ እኔ እጭንልሻለሁ" የሚልሽ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይጫናል። አፕዴት ለመምጣቱ ግን ዋስ የሚሆንሽ የለም። የሰው የግብር መረጃ ይዞ በዚህ መድፈር ተገቢ አይደለም።

የኔ ምርጫ አይ5-8500 ነው። 6 ኮር አለው፣ እስከ 4.1 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፣ ግራፊክሱም አብሮት ነው። አንቲቫይረስ ስካን እያደረገ፣ ዊንዶውስ አፕዴት እያወረደ፣ አንቺ ሥራሽን ትቀጥያለሽ። አትሎኑና ፔንቲየሙ ሁለት ሁለት ኮር ብቻ ስላላቸው ትንፋሽ የሚያጥራቸው እዚያ ላይ ነው።

መልስ፦ የአንድ ድርጅት አይቲ ሠራተኛ

ስለ አይ7ቱ የተባለው ልክ ነው። ሦስቱንም ያገለገለ በማድረጉ ግን አልስማማም። ኦፕቲፕሌክስ 3060 ጥሩ ማሽን ነው። ሆኖም ፓወር ሰፕላዩ የዴል የራሱ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ተራ ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ አይሰካለትም። መብራት እየሄደ እየመጣ ከሚጎዱት ዕቃዎች አንዱ ደግሞ እሱ ነው። ቢቃጠልብሽ ትክክለኛውን እስክታገኚ ሥራ ይቆማል። የተገጣጠመ ከሆነ ቅርብሽ ያለ ሱቅ ገብተሽ በዚያው ቀን ትቀይሪዋለሽ።

ስለዚህ ቢያንስ ዳታው የሚቀመጥበትን ማሽን አዲስ አድርጊው፣ በአይ3-10100። 4 ኮር፣ 8 ትሬድ፣ እስከ 4.3 ጊጋኸርዝ ነው። ዋስትናውን ደረሰኙ ላይ አስጽፊ። መቼም ያለ ደረሰኝ ወጪው እንደማይያዝ ለአንቺ አይነገርም።

ከሁለቱ ርካሾች ምረጥ ብባል ፔንቲየሙን እወስዳለሁ። ሁለቱም 2 ኮር፣ 4 ትሬድ ናቸው። ፔንቲየሙ 4.0 ጊጋኸርዝ ነው፣ አትሎኑ 3.5፤ ኮር ለኮር ሲወዳደሩም ፔንቲየሙ ይፈጥናል። አትሎኑ የሚበልጠው በግራፊክስ ነው፤ ያ ለኤክሴል አይጠቅምሽም። አንድ ጥሩ ጎን ግን አለው። ቢ450 ቦርድ ላይ ከተገጠመ፣ ወደፊት ባዮሱን (የቦርዱን መነሻ ሶፍትዌር) አድሰሽ ራይዘን 5 5600ጂ ልታስገቢበት ትችያለሽ። 6 ኮር፣ 12 ትሬድ ያለው ነው። ማሻሻል የማታስቢ ከሆነ ግን አትሎኑን የምትመርጪበት ምክንያት አይታየኝም።

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ፣ ሐዋሳ

የኔ እህት፣ እኔም በአንቺው ሙያ ስላለሁ አንድ ነገር ልበል። ፒችትሪ ብዙ ኮር አይጠቀምም። ሲዘገይ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ወይም የኔትወርኩ ነው። እኛ ቢሮ ለውጡ በግልጽ የታየው ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ሲገባ ነው። ፕሮሰሰሩ ያው ነበር።

ስለዚህ "500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ አለው" ሲሉሽ በትልቅነቱ አትደለዪ። 256 ጂቢ ኤስኤስዲ ይሻልሻል፤ ለሒሳብ ፋይል በቂ ነው። ራሙ ከ8 ጂቢ አይነስ። የግብር ገጹን፣ ኢሜይሉንና ኤክሴሉን አንድ ላይ ስትከፍቺ 4 ጂቢ ወዲያው ይሞላል።

ኔትወርኩን በዋይፋይ አታድርጉት። በኬብል አገናኙት። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው በባትሪ የሚያቆየውን) ለሦስቱም መግዛት ካልቻልሽ ዳታው ላለበት ማሽን ግን የግድ ነው። ፖስት እያደረጋችሁ መብራት ቢሄድ የሚበላሸው ኮምፒውተሩ ሳይሆን የደንበኛው ዳታ ነው፤ እሱን ደግሞ ሱቅ ሄዶ መግዛት አይቻልም። ሌዘር ፕሪንተሩን ዩፒኤሱ ላይ አትሰኩት፣ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል። ባክአፕ በየማታው ውሰዱ። ባክአፑ ያለበት ፍላሽ ቢሮ ውስጥ አይደር።

ያላችሁ ፒችትሪ የቆየ ቨርዥን ከሆነ፣ ለሦስቱም ከመክፈልሽ በፊት አንዱ ላይ ዊንዶውስ 11 አስጭነሽ መሥራቱን እዪ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ዱባይ ያለው ወንድሜ "አይ3-12100ኤፍ አግኝቻለሁ፣ ፕሮሰሰሩን ልላክልሽ" ይለኛል። 12ኛ ጄኔሬሽን ስለሆነ አይሻልም? ሌላው ደግሞ፣ ያገለገለውን ስገዛ ሱቁ ውስጥ ምን ምን ልይ?

መልስ፦ የጥገና ሠራተኛው

12100 ጥሩ ፕሮሰሰር ነው፤ ከ10100 ይፈጥናል። ኤፍ ያለበት ግን ግራፊክስ የለውም። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልገዛሽ ሞኒተሩ ላይ ምንም አይመጣም። ወንድምሽ ኤፍ የሌለውን ይፈልግ። ደግሞ ሶኬቱ (ቦርዱ ላይ የሚሰካበት ቦታ) ኤልጂኤ 1700 ነው፤ የ10100 ቦርድ ኤልጂኤ 1200 ስለሆነ አይገጥሙም። እንደ ኤች610 ያለ ቦርድ ያስፈልግሻል። ኤች610 ዲዲአር4 የሚቀበልም ዲዲአር5 የሚቀበልም ስላለ፣ ራም ከመግዛትሽ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። ቦርዱን እዚህ በእጅሽ ሳታስገቢ ፕሮሰሰሩን አታስልኪ።

ሱቅ ስትገቢ ሳጥኑ ላይ ያለውን ስቲከር አትመኚ። ማንም ሊለጥፈው ይችላል። ኮምፒውተሩን አስከፍቺና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ሲመጣ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቢ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ ራሙ ስንት ስሎት እንደያዘ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆን አለመሆኑ እዚያ ይታያል። ራሙ አንድ ባለ 8 ጂቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሁለተኛው ስሎት ለነገ ክፍት ይቀርልሻል።

ሞዴሉንም አረጋግጪ። ኦፕቲፕሌክስ 3060፣ 5060 እና 7060 8ኛ ጄኔሬሽን ናቸው። 3050፣ 5050 እና 7050 ግን 6ኛና 7ኛ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ኤችፒ ፕሮዴስክ 600 ካቀረቡልሽ ጂ4 የሚለውን ያዢ፣ ጂ3 የቀድሞው ነው። ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባል የማይክሮሶፍት ፕሮግራም አለ፤ ማሽኑ ዊንዶውስ 11 ይችል እንደሆነ ይነግርሻል። ቲፒኤም የለም ካለሽ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል አስከፍቺው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎንም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፤ የኤስኤስዲውን ጤና በፐርሰንት ያሳያል። ዩኤስቢዎቹን አንድ በአንድ ሞክሪ። ሻይ እየጠጣሽ ቪዲዮ ከፍተሽ ለትንሽ ጊዜ አሠሪው፤ ራሱን የሚያጠፋ ወይም ፋኑ የሚጮህ ከሆነ ሌላ አስመጪ።

ጠያቂዋ

ወስኛለሁ። ዳታው የሚቀመጥበትን አዲስ በአይ3-10100 አስገጥማለሁ፣ ከዩፒኤስ ጋር። ሁለቱን ኦፕቲፕሌክስ 3060 በአይ5-8500 እገዛለሁ። የዱባዩን ትቼዋለሁ። የተለያዩ ማሽኖች መሆናቸው ኔትወርኩ ላይ ችግር ያመጣል?

መልስ፦ የአይቲ ሠራተኛው

አያመጣም። ፕሮሰሰሩ ቢለያይ ምንም አይደለም። የፒችትሪው ቨርዥን ግን ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፣ አፕዴቱ ሳይቀር። ካልሆነ የጋራ ዳታውን አብራችሁ መክፈት ላይ ትቸገራላችሁ። መጀመሪያ ዳታው ያለበት ማሽን ላይ ጫኚ፣ ከዚያ በሁለቱ ላይ። የዳታውን ፎልደር በሁለቱም ላይ በአንድ ዓይነት ድራይቭ ፊደል ማፕ አድርጊው። የዊንዶውስ ፋየርዎል ፒችትሪን እንዲያሳልፍ መፍቀድሽንም አትርሺ፤ "ኔትወርኩ አልሠራም" ተብሎ ሲደወልልኝ ብዙ ጊዜ የማገኘው እሱን ነው።