በእግር ጉዞ ያቃጠልኩትን ካሎሪ መልሼ ልብላው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ቀስ በቀስ

ሰላም ለሁላችሁ። ክብደት ለመቀነስ ካሎሪ መቁጠሪያ አፕ እየተጠቀምኩ ነው። አፑ በቀን 1,790 ካሎሪ እንድበላ ወስኖልኛል። በሳምንት አራት ቀን ለአንድ ሰዓት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ አደርጋለሁ። እጄ ላይ ያለው ሰዓት ለአንዱ ጉዞ 480 ካሎሪ አቃጥለሻል ይለኛል። ሰዓቱና አፑ ስለተገናኙ ከጉዞ ስመለስ የቀኑ ድርሻዬ ራሱ ከፍ ብሎ 2,270 ሆኖ ይጠብቀኛል።

ይህን የተጨመረውን 480 ልብላው ወይስ እንዳላየሁ ልለፈው? ስፖርት የሚያሠራ ዘመዴ «መልሰሽ ልትበዪው ከሆነ ታዲያ ለምን ትለፊያለሽ?» ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ካልበላሽው ሰውነትሽ ይደነግጥና ስብ ማቃጠል ያቆማል» ትላለች። እስካሁን ስበላው ነበር። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቀነስኩ፤ አሁን ግን ሚዛኑ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ከወር በላይ ሆነው። ላለመብላት የሞከርኩባቸው ቀናት ደግሞ ማታ ረሃቡ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ዕድሜዬ 34፣ ቁመቴ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቴ 78 ኪሎ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ መዋል ነው።

መልስ፦ አጭር ነገር

አትብዪው። ሰዓቱ የሚለውን አትመኚው። አለቀ።

መልስ፦ የቁጥር ሰው

መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አፑን መጀመሪያ ስትከፍቺው «የእንቅስቃሴ ደረጃ» ብሎ ጠይቆሽ ነበር። የትኛውን መረጥሽ? ተቀምጦ ለሚውል ሰው 1,790 በዝቶብኝ ነው።

ቀስ በቀስ

«መጠነኛ እንቅስቃሴ» የሚለውን። ሥሩ ላይ «በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን ስፖርት» ይላል፤ እኔ አራት ቀን ስለምሄድ እሱን መረጥኩ።

የቁጥር ሰው

በይ እንግዲህ ነገሩ ተገኘ። አንዱ ጉዞ ሁለት ጊዜ እየተቆጠረልሽ ነው።

ሰውነት እረፍት ላይ ሆኖ የሚፈጀውን ጉልበት ለመገመት ብዙ አፖች እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የሚፍሊን ሴንት ጆር ቀመር ይጠቀማሉ። ለሴት ክብደት በ10 ይባዛል፣ ቁመት በ6.25 ተባዝቶ ይደመርበታል፣ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል፣ በመጨረሻ 161 ይቀነሳል። ያንቺ 780 + 1,031 − 170 − 161 ሲሆን 1,480 ይመጣል። ይህ አልጋ ላይ ተኝተሽ ብትውዪ እንኳ የሚያስፈልግሽ ነው። ከዚያ በእንቅስቃሴ ደረጃው ይባዛል፦ ተቀምጦ ለሚውል በ1.2፣ ለመጠነኛ በ1.55። 1,480ን በ1.55 ስታባዢ 2,294 ይሆናል፤ ክብደት እንድትቀንሺ አፑ የሚያጎድለውን 500 ቀንሺ፣ ይኸው ያፑ 1,790።

ስለዚህ እግር ጉዞሽ መጀመሪያውኑ 1,790 ውስጥ አለ። ሰዓቱ ያንኑ ጉዞ እንደ አዲስ ይዞ ይመጣና 480 ይጨምርበታል።

አሁን ደግሞ 480ውን እንየው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በሰዓት 1 ካሎሪ ያህል ያወጣል። ፈጠን ያለ እርምጃ የዚያን 4.3 እጥፍ ገደማ ይጠይቃል። 78 በ4.3 ሲባዛ 335 ነው። ከዚህ ውስጥ ግን 78ቱን ሶፋ ላይ ብትቀመጪም ታወጪው ነበር፤ ስለዚህ ጉዞው በእርግጥ የጨመረልሽ 257 አካባቢ ነው። ሰዓቱ እንድትበዪ የፈለገው የዚህን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ሳምንቱን አንድ ላይ አስቢው። ሦስት ቀን 1,790፣ አራት ቀን 2,270 ስትበዪ በአማካይ በቀን 2,060 ትበያለሽ። ወጪሽ ደግሞ ተቀምጦ ለሚውል 1,776፣ በዚያ ላይ አራቱ ጉዞዎች ለሰባት ቀን ሲካፈሉ 147፣ በድምሩ 1,920 ገደማ። ቀመር ነውና መቶ ወዲያ መቶ ወዲህ ሊል ይችላል። ግን ሚዛኑ ለምን እንደቆመ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አጭር ነገር

ያው እኔ ያልኩት ሆነ። አትብዪው።

የቁጥር ሰው

አይ፣ ያው አይደለም። «አትብዪው» የሚለው ምክር ልክ የሚሆነው 1,790ው ላይ ከቆየች ነው። አፑ ላይ «ተቀምጦ የሚውል» ብላ ብታስተካክል ድርሻዋ 1,280 ይሆናል። በዚያ ላይ ጉዞውን አትብዪ ብንላት በሄደችበት ቀን ከ750 ካሎሪ በላይ ይጎድልባታል። ማታ እንቅልፍ የሚነሳት ረሃብ የት ሄዶ? ያኔ ሰኞ ትጀምራለች፣ ሐሙስ ማታ ትተዋለች።

መበላት አለበት ወይስ የለበትም ከመባሉ በፊት መታየት ያለበት የቀኑ ቁጥር ስፖርቱን ይዟል ወይስ አልያዘም የሚለው ነው። ከያዘ መጨመር የለም። ካልያዘ ይጨመራል፣ ያውም ሰዓቱ ካለው ላይ ቀነስ ተደርጎ።

መልስ፦ ረጅም ርቀት

ሰዓቶቹን በተመለከተ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅ ላይ የሚታሰሩ ሰባት መሣሪያዎችን ፈትሸው ነበር። የልብ ምት ላይ ስድስቱ ስህተታቸው ከ5 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ ይሳሳት ነበር፤ የባሰው በ93 በመቶ። የልብ ምት በሙቀትም፣ በቡናም፣ በንዴትም ይጨምራል፤ ሰዓቱ ይህን ሁሉ ከድካም አይለይም።

ነገር ግን «ፈጽሞ አትብሉ» የሚለውን ሕግ አድርጋችሁ አትያዙት። እኔ የምሮጥ ሰው ነኝ። ሩጫ ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በኪሎ ክብደት 1 ካሎሪ ገደማ ያስወጣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሲገባ 1,800 ካሎሪ ወጥቶለታል ማለት ነው። ይህን ሰው «ቁርስህን ብቻ ብላና እደር» ልትሉት ነው? የሮጠበትን ያህል ሳይበላ ሲቀጥል ውጤቱ የሚታየው ሚዛን ላይ ብቻ አይደለም። እንቅልፍ ይረበሻል፣ ጉንፋን ይደጋገማል፣ ሴቶች የወር አበባቸው ይቀራል፣ አጥንት በድካም ብቻ ይሰነጠቃል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ችግር ስም ሰጥቶ ለስፖርተኞች ማስጠንቀቂያ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለአንድ ሰዓት እርምጃ ይህ ሁሉ አያሰጋም። ግን ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ለረጅም ውድድር እየተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል ነው።

መልስ፦ ነርሷ

ባልደረባሽ ያለችው ነገር ብዙ ሰው የሚያምነው ነው። እውነት ያለበት ግማሹ ብቻ ነው። ሰው አነስ አድርጎ ሲበላና ሲከሳ የሰውነቱ ወጪ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሳያውቀውም መንቀሳቀስ ያሳንሳል። ማቃጠል ግን አያቆምም። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣት ወንዶች ፈቃደኛ ሆነው ለ24 ሳምንት በቀን 1,600 ገደማ ካሎሪ ብቻ እየበሉ እንዲሠሩና እንዲራመዱ ተደርገው ነበር። የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ማቃጠል የሚቆም ቢሆን ኖሮ እነሱ ላይ ይቆም ነበር። የደረሰባቸው የመንፈስ ጭንቀትና ቀን ከሌሊት ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ ለዚህ ነው በጣም መቀነስን የማልደግፈው።

እህቴ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ለስኳር ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ እንክብል ትወስጃለሽ? ከወሰድሽ ስፖርት ሠርተሽ አለመብላት ስኳርሽን አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያወርደው ስለሚችል ይህን ሁሉ ትተሽ መጀመሪያ ሐኪምሽን አነጋግሪ። ሁለተኛ፣ የወር አበባሽ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል? የምታጠቢ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽም ቁጥሩ ሁሉ ይለወጣል። እንዲሁም ከ1,200 በታች ያለ ሐኪም ክትትል አትውረጂ።

ቀስ በቀስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መድኃኒት አልወስድም፣ ስኳርም የለብኝም፣ የወር አበባዬም ልክ ነው።

የቁጥር ሰው፣ 1,280 ስትል ደነገጥኩ። ያን ያህል ዝቅ ብዬ የምዘልቅ አይመስለኝም። ታዲያ አፑ ላይ ምን ብዬ ላስገባ?

የቁጥር ሰው

ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱን ብቻ ያዢ።

የመጀመሪያው፣ «ተቀምጦ የሚውል» በይና የጉድለቱን መጠን ከ500 ወደ 375 አውርጂው። የእረፍት ቀን ድርሻሽ 1,400 ይሆናል። በሄድሽበት ቀን 250 ጨምሪና 1,650 ብዪ። ሰዓቱ 480 ካለ ግማሹን እንደማለት ነው። «ግማሹን ብሉ» የሚባለው ምክር የመጣው ከዚሁ ነው፤ ቅዱስ ቁጥር ሆኖ አይደለም፣ የሰዓቱን ማጋነንና ሳንሠራም የምናወጣውን በጥሬው ለመቀነስ ያህል ነው። ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የ1,754 አዋቂዎችን መረጃ የመረመረ ጥናት እንዳሳየው በእንቅስቃሴ ከሚወጣው ተጨማሪ ጉልበት በአማካይ 28 በመቶ ያህሉን ሰውነት ከሌላ ቦታ ቆጥቦ ያካክሰዋል። ሠርተሽ ስትገቢ ቀሪውን ቀን ሶፋ ላይ እንደምትውዪ አስተውለሽ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ሰዓቱን ከአፑ ቆርጠሽ በየቀኑ አንድ ዓይነት መብላት ነው፤ ላንቺ 1,550። ብትሄጂም ባትሄጂም ያው ነው። ሁለቱ መንገዶች በሳምንት ሲደመሩ እኩል ገደማ ናቸው። የእግር ጉዞ ቀንሽ የማይዛነፍ ከሆነ ሁለተኛው ይቀላል። አንዳንድ ሳምንት አራት፣ አንዳንዱ አንድ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ይሻላል።

መልስ፦ መቁጠር የሰለቸው

እኔ ሁለተኛውን መንገድ ነው የምመክርሽ። የመጀመሪያው አንድ መጥፎ ጠባይ ያስለምዳል፦ ማታ ጣፋጭ ሲያምርሽ «ቆይ ትንሽ ልራመድና ልብላው» ማለት ትጀምሪያለሽ። እርምጃው የምግብ ዋጋ መክፈያ ሲሆን ደስታው ሁሉ ይጠፋል። ይህን በራሴ ስላየሁት ነው።

ደግሞ የሚበላውን መገመት ላይም እንሸወዳለን። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። «ትንሽ እየበላን መክሳት አቃተን» ያሉ ሰዎች ሲመረመሩ ከሚበሉት 47 በመቶ ያህሉን ሳይናገሩ፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አጋነው ተገኙ። ሆን ብለው ዋሽተው አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ መጥበሻው ላይ በዓይን ግምት የሚፈስ ሁለት ማንኪያ የእግር ጉዞሽን ጠቅልሎ ይበላዋል። ለአንድ ሁለት ሳምንት ዘይቱን ብቻ በማንኪያ ለኪው፤ ሌላው ይቅርብሽ።

ለማታው ረሃብ፦ ጉዞሽ ከሥራ በኋላ ከሆነ እራትሽን ከጉዞው በኋላ አድርጊው፣ ፕሮቲን ያለበት ይሁን። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ሥጋ፣ እርጎ፣ ያገኘሽውን። ምሳ ላይ ቆጥበሽ ማታ ለመብላት አትሞክሪ፤ ማታ ላይ የሚያስከፍለው ወለድ ብዙ ነው።

አጭር ነገር

የቁጥር ሰው እጅ ሰጥቻለሁ። ግን ለአብዛኛው ሰው «አትብላው» ማለት አሁንም ይቀላል።

ቀስ በቀስ

ሁለተኛውን መረጥኩ፣ 1,550። ሰዓቱን ከአፑ አላቀቅኩት። መሥራቱን በስንት ጊዜ አውቃለሁ? ሚዛን ላይ በየቀኑ መውጣት ያናድደኛል።

ነርሷ

ክብደት በየቀኑ በአንድ ኪሎና ከዚያም በላይ ከፍ ዝቅ ማለቱ የውኃ ጉዳይ ነው። ጨው የበዛበት እራት፣ ጡንቻን ያሳመመ ስፖርት፣ ከወር አበባ በፊት ያሉት ቀናት ውኃ ያስይዛሉ። ስለዚህ አንድ ሳምንት አይቶ መፍረድ ላንቺ አይሆንም። ጠዋት ሽንት ቤት ከሄድሽ በኋላ፣ ምንም ሳትቀምሺ ተመዘኚና የሳምንቱን አማካይ ያዢ። ከዚያ ከወር አበባሽ በኋላ ያለውን ሳምንት ከሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አወዳድሪው።

የቁጥር ሰው

በዚያ ላይ፣ አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። በቀን 370 የሚጎድልሽ ከሆነ በወር ከኪሎ ተኩል በጥቂቱ ያነሰ ትጠብቂያለሽ። ከዚህ በጣም ካነሰ ከ1,550ው ላይ 100 ቀንሺ፤ በጣም ከፈጠነና ድካም ከተሰማሽ 100 ጨምሪ። አምስት ኪሎ ያህል ስትቀንሺ ቀመሩን በአዲሱ ክብደትሽ እንደገና አስይው፤ የቀለለ ሰውነት ለዚያው ጉዞ የሚያወጣው ያንሳል።