የመኪና ግብር በዋጋው፣ በክብደቱ ወይስ ከሁሉም እኩል? ስም የሚጻፍበት ታርጋስ ስንት ይሁን?

የቡድኑ አስተባባሪ፦
«ቨርጂኒያ ይረክሳል»፣ «የለም ሜሪላንድ ይሻላል» የሚለው ስለበዛ አንድ ቦታ ላይ እንከራከርበት። ጥያቄው ይኸው፦ ስቴቶች መኪና ሲመዘግቡ ገንዘቡን በመኪናው ዋጋ ልክ ቢያስከፍሉ ነው ፍትሐዊ የሚሆነው፣ በክብደቱ ልክ፣ ወይስ ከሁሉም እኩል? ስም የሚጻፍበት ታርጋም አለ። ቨርጂኒያ በዓመት 10 ዶላር አስጨምሮ ይሰጣል፣ ሜሪላንድ በዓመት 50 ይላል። ቁጥር ይዛችሁ ግቡ፤ ስማችሁም የምትኖሩበት ቦታ ይሁን።

አርሊንግተን፦
ቨርጂኒያ ስትገዛ ይረክሳል፣ ስትኖርበት ይወደዳል። ዲኤምቪ (መኪና መዝጋቢው መሥሪያ ቤት) ሲገዛ የሚወስደው የሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው። በ25,000 ዶላር መኪና 1,037 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ሜሪላንድ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ስለሚቀበል ለዚያው መኪና 1,625 ዶላር ነው። ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ይዘጋል፤ የካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ደብዳቤ ግን ገና አልደረሰም። የእኛ ካውንቲ አርሊንግተን ከመኪናው ግምት በየ100 ዶላሩ 5 ዶላር በየዓመቱ ይወስዳል። የ25,000 ዶላሯ መኪና የስቴቱ ቅናሽ ሳይታሰብ 1,250 ዶላር ትጠየቃለች። ግምቷ በአምስት ዓመት 25፣ 21፣ 18፣ 15፣ 13 ሺህ እያለ ቢወርድ ድምሩ 92,000 ነው፤ ታክሱ 4,600 ዶላር ማለት ነው። ስቴቱ የሚሸፍነው ይቀንስለታል፣ ግን መግዣው ላይ የተረፈችው 587 ዶላር በመጀመሪያው ዓመት ታልቃለች። አንዴ ታክስ ከፍዬ በገዛሁት ዕቃ ላይ በየዓመቱ መልሶ መክፈል ፍትሕ አይመስለኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ ሜሪላንድ ያለውንም እየው። እዚህ የካውንቲ የመኪና ታክስ የለም፣ እውነት ነው። ግን ምዝገባው ዋጋ አያይም። ያረጀች ኮሮላና አዲስ ውድ ሴዳን በአንድ የክብደት እርከን ውስጥ ከወደቁ እኩል ይከፍላሉ። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለድንገተኛ ሕክምና የሚታከለው ክፍያ በዓመት ከ17 ወደ 40 ዶላር ወጥቷል። ገንዘቡ ለነፍስ አድን ሄሊኮፕተሮችና ለአደጋ ሕክምና ስለሚሄድ መኖሩን አልቃወምም። የምቃወመው አከፋፈሉን ነው፦ መኪናዋ ሁለት ሺህ ዶላር ለማታወጣ ሰውና 80,000 ለሚያወጣ መኪና ባለቤት 40 ዶላር እኩል ሸክም አይደለም። በዋጋ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ዲሲ ሰሜን ምዕራብ፦
ሁለታችሁም መንገዱን ረሳችሁት። አስፋልት የሚሰብረው ክብደት ነው። ዲሲ በክብደት ነው የሚያስከፍለው፤ 6,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚመዝን መኪና በዓመት 500 ዶላር ይከፍላል። ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው እንዳይበድለው 1,000 ፓውንድ ተቀንሶ ይመዘናል። ቤተሰብ አለኝ ብሎ ሦስት ረድፍ መቀመጫ ያለው ትልቅ መኪና የሚገዛ ሰው ከመግዛቱ በፊት የበሩን ስቲከር ሳይሆን የታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን) ክብደት ይይ። በሩ ላይ ያለው ሰውና ዕቃ ተጭኖ የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ነው፤ ከባዶው መኪና በብዙ ይበልጣል። ሰው ያንን አንብቦ ይደነግጣል፣ ወይም በተገላቢጦሽ የመኪና ሻጭ የነገረውን አምኖ በኋላ 500 ይመጣበታል።

አውሮራ ኮሎራዶ፦
በዋጋ ማስከፈል ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሳትለዩ አትከራከሩ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ አዲስ ግምት ያወጣል። ኮሎራዶ ግን መኪናው አዲስ ሳለ ፋብሪካው ያወጣለትን ዋጋ 85 በመቶ ይይዝና እሱ እስከ መጨረሻው አይቀየርም፤ የሚወርደው በመቶኛው ነው። በመጀመሪያው ዓመት 2.1፣ በሁለተኛው 1.5፣ በሦስተኛው 1.2፣ በአራተኛው 0.9፣ ከአምስተኛ እስከ ዘጠነኛ 0.45 በመቶ። ከአሥረኛው ዓመት ጀምሮ 3 ዶላር ብቻ። አዲስ ሲሸጥ 30,000 የነበረን መኪና ብንወስድ መነሻው 25,500 ነው፤ የአራቱ ዓመት ክፍያ 535.50፣ 382.50፣ 306 እና 229.50። ከዚያ 114.75 ይሆናል። የክብደትና የመንገድ ክፍያዎች ለብቻ ይታከላሉ። ሰው መኪና ሳይገዛ የአሥር ዓመቱን ታክስ እቤቱ ቁጭ ብሎ ያሰላል።

አርሊንግተን፦
የተጋጨ መኪና በርካሽ የገዛስ? በፋብሪካው ዋጋ ነው የሚከፍለው?

አውሮራ ኮሎራዶ፦
አዎ፣ ጉድለቱ እሱ ነው። የሦስት ዓመት መኪና በግማሽ ዋጋ ብትገዛም መነሻው የአዲሱ ዋጋ ነው። እኔ ግን በየዓመቱ ከገማች ጋር ከመጨቃጨቅ ይህን እመርጣለሁ። ደግሞ እድሳት ብታሳልፉ በየወሩ 25 ዶላር እየተጨመረ እስከ 100 ይደርሳል፤ እሱን አትርሱ።

አትላንታ፦
ጆርጂያ ከማርች 2013 ጀምሮ ለተገዙ መኪናዎች ዓመታዊውን የዋጋ ታክስ አንስቶ ሁሉንም በታይትል ጊዜ ይወስዳል። አሁን 7 በመቶ ነው፤ 25,000 ላይ 1,750 ዶላር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በልደታችሁ ሰሞን 20 ዶላር፣ በአትላንታ ዙሪያ ባሉት 13 ካውንቲዎች ከጭስ ምርመራ ጋር። መኪና አሥር ዓመት ለሚይዝ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። በየሁለት ዓመቱ ለሚቀያይር ግን እያንዳንዱ ታይትል ሌላ 7 በመቶ ነው። ከሌላ ስቴት መኪናውን ይዞ የሚመጣ አዲስ ነዋሪ 3 በመቶ ብቻ ይከፍላል። ስለዚህ ወደዚህ ልትዛወሩ ያሰባችሁ፣ መኪናውን የት እንደምትገዙ አስቀድማችሁ አስሉ።

ሒሳብ ሠሪው፦
ኡበርና ታክሲ ለሚሠሩት ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነገር አለ። የቨርጂኒያ ቅናሽ የሚሰጠው ለግል መኪና ነው፣ ያውም ለመጀመሪያው 20,000 ዶላር ግምት። ከጉዞው ከግማሽ በላይ ለሥራ ከሆነ፣ ወይም በፌዴራል ታክስ ላይ የመኪናውን እርጅና ከግማሽ በላይ በሥራ ወጪነት ቀንሳችሁ ከሆነ መኪናው የንግድ ነው፤ ቅናሹ ይቀራል። ካውንቲው ሳያውቅ ቅናሹን ሰጥቶ በኋላ ሲያጣራ ያለፉትን ዓመታት ጨምሮ ይጠይቃል።

በሌላ በኩል በዋጋ ላይ የተመሠረተ ታክስ በፌዴራል ታክስ ላይ ሊቀነስ ይችላል፤ የሜሪላንድና የዲሲ የክብደት ክፍያ ግን እንደዚያ አይታይም። በግል ሥራ ላይ ያለ ሹፌር የመኪናውን ወጪ በማይል ቢያሰላም እንኳ የመኪና ታክሱን የሥራ ድርሻ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ቅጽ) ላይ ለብቻው ያስገባል፤ ቶልና ፓርኪንግም እንደዚሁ። ብዙ የታክስ አዘጋጅ «ማይሉ ሁሉንም ይዟል» ብሎ ያልፈዋል። አልያዘም።

አርሊንግተን፦
ጋሼ፣ ብዙ ማይል የሄደ መኪና ግምቱ እንደሚቀነስስ?

ሒሳብ ሠሪው፦
ይቀነሳል፣ ካመለከታችሁ። ካውንቲዎች የሚይዙት የጃንዋሪ 1 የገበያ ግምት ነው፣ መኪናው መደበኛ ማይል እንደሄደ ቆጥረው። ኡበር የሚሠራ መኪና ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ የነበረውን ማይል የሚያሳይ የዘይት ለውጥ ወይም የኢንስፔክሽን ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ የማመልከቻው ቀን እንደየካውንቲው ይለያያል። ሰው የሚያስታውሰው የክፍያ ደብዳቤው ሲመጣ ነው፤ ያኔ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ዲሲ ሰሜን ምዕራብ፦
«የዘመድ አድራሻ ተጠቀም» የሚል ምክርም እዚህ ቡድን ውስጥ ይዞራል። የምትመክሩ ሰዎች ተዉ። መኪናውን እዚያው ለማስመዝገብ አዲስ ቨርጂኒያ የገባ ሰው 30 ቀን፣ ሜሪላንድ የገባ 60 ቀን ነው ያለው። ፌርፋክስ ካውንቲ የቨርጂኒያ ታርጋ በሌለው ነዋሪ ላይ በመደበኛው ታክስ ላይ 100 ዶላር ታክስና 250 ዶላር ቅጣት ይጨምራል። ከሁሉ የሚከፋው ኢንሹራንሱ ነው፦ መኪናው የሚያድረው ሌላ ቦታ ሆኖ ከተገኘ፣ አደጋ በደረሰ ቀን ካሳውን ሊከለክሉ ይችላሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወደ ታርጋው ልመለስ። 50 ዶላሩን እደግፋለሁ። ማንም ሳይገደድ የሚገዛው ነገር ነው፤ ስቴት ገቢ የሚፈልግ ከሆነ ከአሮጌ መኪና እድሳት ይልቅ ከዚህ ይውሰድ። ካሊፎርኒያ ከ1970 ጀምሮ ይህን ገንዘብ ለአካባቢ ጥበቃ ፈንድ ነው የሚያውለው።

አርሊንግተን፦
የእኛ 10 ዶላር ግን ሰውን ሁሉ አሳተፈ። በ2007 በተደረገ የስቴቶች ንጽጽር ቨርጂኒያ ከመቶ መኪና 16 ያህሉ ስም የተጻፈበት ታርጋ የያዘ ሆኖ ከአገሪቱ አንደኛ ወጥቷል። ርካሽ ሲሆን የሚገዛው ይበዛል፣ ስቴቱም አይጎዳም።

አትላንታ፦
ዋጋው ይቅርና አማርኛ ለሚያጽፉ አንድ ነገር። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ካሊፎርኒያም ቦታው 7 ፊደል ነው። «ሀበሻ» በእኛ ሦስት ፊደል ነው፣ በላቲን ግን «ሸ» ብቻዋን ሁለት ስለምትወስድ ልክ 7 ይሞላል። «ሰላም» 5፣ «ጎንደር» 6፣ ይገባሉ። «ላሊበላ» እና «ተመስገን» 8 ስለሚሆኑ አይገቡም። ሰው አናባቢ እየቆረጠ ያስገባዋል፤ የተቆረጠው ቃል በእንግሊዝኛ ወይም በስፓኒሽ ሌላ ነገር እንዳይሆን ግን ሳትልኩ ፈትሹ። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2016 በስፓኒሽ ነውር የሆነ ቃል ያለበትን ታርጋ ስቴቱ መንጠቁ ልክ ነው ብሎ ፈርዷል። ባለቤቱ ለዓመታት ይዞት ነበር። «እነሱ አማርኛ አያውቁም» ብላችሁም አትድፈሩ፤ ካሊፎርኒያ ማመልከቻው ላይ ትርጉሙን ያስጽፋል፣ አንድ ሰው አቤት ካለም ይጣራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ታርጋው ሲደርስ ኢዚፓስ (የመንገድ ቶል መክፈያው)፣ ኢንሹራንስና የፓርኪንግ ፈቃድ ላይ ያለውን የድሮ ቁጥር በዚያው ቀን ቀይሩ። ሜሪላንድ ደግሞ አሮጌውን ታርጋ ሳትመልሱ ኢንሹራንስ እንዳታቋርጡ፤ ከመጀመሪያው 30 ቀን ቅጣት በኋላ በየቀኑ 7 ዶላር ይጨምራል።

ሌላው፣ አርሊንግተን፣ ክርክርህ ከዋጋ ታክስ ጋር ሳይሆን ከቅናሹ ጋር ይመስለኛል። ቨርጂኒያ ቅናሹን ለሁሉም ካውንቲና ከተማ በድምሩ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ወስኖታል። የመኪና ግምት ሲጨምር ገንዘቡ ያው ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው መቶኛ ይቀንሳል።

አርሊንግተን፦
እሱን እቀበላለሁ እህቴ። ጣሪያው ከመኪና ግምት ጋር አብሮ ቢያድግ፣ ወይም እንደ ኮሎራዶ መቶኛው በዓመት እየወረደ አሥረኛው ላይ ቢያበቃ፣ በዋጋ መከፈሉን አልቃወምም። እንዳሁኑ ከሆነ ግን የአትላንታን አንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል እመርጣለሁ።

አውሮራ ኮሎራዶ፦
ሦስት ዓመት ይዘህ የምትሸጠው ከሆነ አትምረጥ። 7 በመቶ በ30,000 ላይ 2,100 ነው። እኛ ዘንድ ለዚያው የ30,000 መኪና የሦስቱ ዓመት የዋጋ ታክስ 1,224 ነው፤ የሽያጭ ታክሱን እንደየከተማው ጨምርና አወዳድር።