አውትላይን ላይ ያለውን «ተማሪው ይችላል» የሚለውን ዝርዝር ለጥናት የተጠቀመበት አለ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። በየኮርሱ አውትላይን መጀመሪያ ላይ «ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ይህን ያብራራል፣ ያንን ያሰላል፣ መረጃ ይተነትናል» የሚል ዝርዝር አለ። እስካሁን ዘልዬው ነው የማልፈው። የማጠናው ከሲኒየሮች ባገኘሁት ሃንድአውትና ዎርክሺት ነው፣ ውጤቴም መጥፎ አይደለም። ግን የመውጫ ፈተና እየቀረበ ነው፤ ሰሞኑን የአንደኛ ዓመት ደብተሬን ስከፍት ኤ ያገኘሁበት ኮርስ እንኳ እንደ አዲስ ሆነብኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ምሩቋ፦ እህቴ፣ እኔን ያወጣኝ እሱ ዝርዝር ነው። ግሱን እዪ። «ይዘረዝራል» ካለ መሸምደድ ይበቃል። «ያሰላል» ካለ ግን ደብተርሽን ዘግተሽ ባዶ ወረቀት ላይ ሠርተሽ ካልጨረስሽው ገና አልቻልሽውም። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ማለፊያው 50 ከመቶ ስለሆነ ብዙ ሰው ቀላል መስሎት ነበር፤ ችግሩ የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ቀን መጠየቁ ነው። ከእያንዳንዱ ዓላማ አንድ ጥያቄ ራስሽ አውጪና ለዶርም ጓደኛሽ አስረጂያት። የተንተባተብሽበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ።

የላብ ረዳት፦ እኔ የምለምንሽ ላቡን እንዳትረሺ ነው። ስድስት ሰባት ሆነው አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይቀዳል። ከዚያ «ይለካል» የሚለው ዓላማ የአንድ ልጅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቢሬት (የሚወርደው ፈሳሽ መጠን የሚለካበት ረጅም የመስታወት ቱቦ) የተሰመረው በየ0.1 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ገምተሽ 24.35 ብለሽ መጻፍ አለብሽ፣ 24 ብሎ የሚያልፍ ግን ብዙ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር የሚያስማሙት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልጁ ቴርሞሜትሩን በዓይኑ አይቶ ሪፖርቱ ላይ 100 ይጽፋል! ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቱ ያንሳል፣ ስለዚህ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ያየሽውን 92 ጽፈሽ ምክንያቱን ስታስረጂ፣ «መረጃ ይተነትናል» ማለት እሱ ነው።

አራተኛ ዓመት፦ በሐሳቡ እስማማለሁ፣ ግን ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ አትመኚው። እኛ ጋ «በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካል» ተብሎ ተጽፎ መሣሪያው፣ ማለትም ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ የሚለካው፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ተበላሽቶ ነበር። መምህሩን በትህትና ጠየቅነው፤ የቀድሞ ተማሪዎች በመሣሪያው ለክተው የመዘገቡትን ቁጥር ሰጠን። እኛም የብርሃን መምጠጡን ከመጠነ ይዘቱ (ኮንሰንትሬሽን) ጋር በግራፍ ወረቀት ነደፍን፣ ቀጥታ መስመር ሲወጣ ደስታችን ልዩ ነበር። ያልታወቀውን ናሙና መጠነ ይዘት ከመስመሩ ላይ አነበብን። እጃችሁ መሣሪያውን ባይነካም ስሌቱ አያምልጣችሁ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ለሲኒየር ፕሮጀክትስ ከዚህ ጋር የሚሄድ ምን አለ?

የላብ ረዳት፦ ቤተሰብሽ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከሆነ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ለኪ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ እዚያ ከዚህ በላይ ያላቸው ጉድጓዶች ብዙ ናቸው፤ የልጆቹ ጥርስ ቡናማ የሚሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው። ናሙናውን ግን በፕላስቲክ ዕቃ ውሰጂ። ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር አይስማማም።

ጠያቂ፦ እናቴ ዝዋይ ናት። ለፋሲካ ስሄድ ጠርሙስ ይዤ እሄዳለሁ። ዛሬ ማታ ደግሞ ከአናሊቲካል ኬሚስትሪ አውትላይን እጀምራለሁ።