ኮርኒስና የጣሪያ መስታወት ላይ ፎም ስለማድረግ

ሰላም ቤተሰብ፣ ፒያሳ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው ያለሁት፣ ከላይ ቆርቆሮ ከስር ቺፑድ ኮርኒስ፣ መሀል ላይ ለብርሃን ተብሎ የገባ 1 ሜትር በ60 ሳንቲ ነጠላ መስታወት አለ። የጥቅምት ብርድ ሳይገባ ብዬ ዳር ዳሩን በሲልከን ዘግቼ ከስር ላስቲክ ወጠርኩበት፣ ንፋሱስ ቆመ ግን ጠዋት ጠዋት ላስቲኩ ውሃ ቋጥሮ ሆዱ ተነፍቶ ነው የማገኘው፣ የፍሬሙ እንጨትም መጥቆር ጀምሯል (በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል እንጂ አጥንት ጣሪያ አያሞቅም)። አሁን 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ነጭ ፎም ገዝቻለሁ፣ አናጢው ከቆርቆሮው ጋር አጣብቀን እንምታው ይላል፣ እኔ ግን እዛም ውሃ እንዳይቋጥር ፈራሁ። ቤት የሰራችሁ ሰዎች፣ ፎሙን ቆርቆሮው ላይ ላስጠጋው ወይስ ኮርኒሱ ላይ አንጥፌ ከላይ ለአየር ክፍተት ልተውለት?