ስካርፉን ሸምነናል፣ ዋጋ ማውጣት ግን አቃተን

እባካችሁ ነገሩ የገባው ሰው ይርዳን። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ስድስት ሴቶች ሆነን ሽመና ጀምረናል። አራታችን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመን እየሸጥን ነበር የምንኖረው፣ እኔ ራሴ ገመዱ ትከሻዬ ላይ የሠራው ጠባሳ እስካሁን አለ። መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ነው ሲባል ነው የሰማነው፤ ያስተማሩን ግን አንድ የዶርዜ አባት ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ድሩ በየደቂቃው ሲበጠስብን እየሳቁ ይቀጥሉልን ነበር።

አሁን እጃችን ተፍታቷል። ችግሩ ሽያጩ ላይ ነው። አንድ ስካርፍ ከነጥለቱ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። ክር በየጊዜው ይጨምራል፣ ነጋዴው ግን በድሮው ዋጋ ካልሆነ አልወስድም ይላል፣ ያውም በዱቤ! ቴሌግራም ላይ ፎቶ ስንለጥፍ ደግሞ «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠፋው ይበዛል። ባለፈው ወር ቁጭ ብለን የክሩንና የቤት ኪራዩን ቀንሰን ስናሰላ ለእያንዳንዳችን የተረፈው ከእንጨት ሽያጩ ያነሰ ሆኖ አገኘነው። አንዷ «ወደ ጫካዬ ልመለስ» ብላለች፣ ቀልዷን አይመስለኝም።

የጉልበታችንን ዋጋ እንዴት እንተምን፣ በቀን ወይስ በፍሬ? ዕቁባችንን አውጥተን ክር በጅምላ ብንገዛ ያዋጣል ወይስ እብደት ነው? በማኅበር ተደራጅታችሁ የመሥሪያ ቦታ ያገኛችሁ ካላችሁስ፣ ከየት ጀመራችሁ? የዱቤውን ነገር ደግሞ፣ ነጋዴውን ሳናስቀይም ቀብድ የምንጠይቅበት መላ ካለ ንገሩን። ቅዳሜ ሊወስድ ይመጣል።