«ማኅበራዊ ደንብ» ላይ የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር በቀይ ተሰርዞ ተመለሰብኝ፤ እርዱኝ

የሽምብጧ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ፤ ሐሙስ ሴሚናር አቀርባለሁ። የደረሰኝ ክርስቲያን ሩፍ፣ ጁሴፔ ኡጋዚዮና ኤርንስት ፌር ዙሪክ ላይ ሠርተው በ2013 (በፈረንጆች) በሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። ባጭሩ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ይጫወታሉ። አንደኛዋ ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጣትና ለሌላው የፈቀደችውን ታካፍላለች። በአንዱ ዙር ያኛው የደረሰውን ዝም ብሎ ይቀበላል፤ በሌላው ዙር ግን ካነሰበት ከራሱ ከፍሎ ሊቀጣት ይችላል። ይህ ሲሆን በሰጪዋ ግንባር በስተቀኝ ባለው የአንጎል ክፍል ደካማ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ «ማነቃቂያ» የሚሉት ይህን ነው።

«ማኅበራዊ ደንቡ» እዚህ ጋ ስንት ማካፈል ተገቢ ነው የሚለው ነው። እኔ «ማነቃቂያው ሰዎች ስለ ደንቡ ያላቸውን እምነት ይለውጣል» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ሰርዞ «ውጤቱን እንደገና አንብቢ፤ ምሳሌም ከዚሁ ከአገራችን ኑሮ አምጪ» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ» የሚለውን ሰምታ ካማተበች ወዲህ ስለ ሴሚናሩ አታነሳብኝም። ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?

ምርቃት የቀረው፦
አማካሪሽ ልክ ነው። የተለወጠው አድራጎታቸው እንጂ እምነታቸው አይደለም። «ስንት መስጠት ተገቢ ነው?»፣ «ትንሽ ብትሰጪ ምን ያህል ትቀጫለሽ?» ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው በኤሌክትሪኩ አልተነካም። የሰጡት ገንዘብ ግን ተለወጠ፤ ያውም በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ። የዚያን የአንጎል ክፍል ንቃት በኤሌክትሪኩ ከፍ ሲያደርጉት ቅጣት ባለበት ዙር የሚሰጠው ጨመረ፣ ቅጣት በሌለበት በፈቃድ የሚሰጠው ቀነሰ። ዝቅ ሲያደርጉት ተገላቢጦሽ ሆነ። ስለዚህ «ሕግ አክባሪ አደረጋቸው» ብለሽም እንዳትጽፊ።

ከዚያ በፊት በ2006 የዳሪያ ክኖህ ቡድን እዚያው ዙሪክ በማግኔት የሠራውን ጨምሪበት። ከ20 ፍራንክ 4ቱን ብቻ እንካ የተባለ ሰው እምቢ ማለት ይችላል፤ እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በቀኝ ግንባሩ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል በማግኔቱ ሲያዳክሙት ያቺን 4 ፍራንክ የሚቀበለው በዛ። ፍትሐዊ ነው ወይ ሲባል ግን «አይደለም» ማለቱን አልተወም።

የእድር ጸሐፊ፦
ልጄ፣ እኔ ሳይንሱን አላውቅም፤ ምሳሌው ግን ቤቴ ነው ያለው። ሐይቁ ዳር እምቦጭ ልናወጣ ስንወጣ መጀመሪያ ጠዋት ስም እጠራ ነበር። እምቦጭ ሲነቀል ሥሩ ጥቁር ጺም የመሰለ፣ ውሃ የጠጣ፣ አንድ እቅፍ ወገብ የሚቆርጥ ነገር ነው። «አቤት» ያለው ሰው ሁሉ ሁለት ዙር ሳይጎትት አንድ አንዱ በደንገሉ በኩል ሹልክ ይላል። ከዚያ ስም መጥሪያውን ወደ ማብቂያው አዞርኩት፤ የቀረ 50 ብር መቀጫ። ሰው ሞላ! እምቦጭ መንቀል ተገቢ መሆኑን ሁሉም ፊቱንም ያውቃል፤ መቀጫው ያስተማራቸው አዲስ ነገር የለም። አንድ ሽማግሌ ግን አሉ፣ በዕድሜያቸው ከሥራው ነፃ ናቸው፣ መዝገቤ ላይም የሉም፤ ጎህ ሳይቀድ ውሃው ውስጥ አገኛቸዋለሁ።

ደንገል፦
ጋሼ፣ ምሳሌዎ ያምራል፤ ግን አንድ ነገር ይለያል። እናንተ ዘንድ መቀጫው ቢነሳ እንኳ ይሉኝታ አለ፣ ጎረቤት ያያል። ጥናቱ ውስጥ ማን ለማን ስንት እንደ ሰጠ አይታወቅም፣ ስለዚህ ያለ ቅጣት የሚሰጠውን «ይሉኝታ» ብላ ብትተረጉመው ትሳሳታለች። እኔ «በገዛ ፈቃድ» እል ነበር። ሽማግሌውን ግን አይንኩብን፣ እሳቸው ትክክለኛ ምሳሌ ናቸው፤ በጨለማ ማን ያያቸዋል?

ነርስ ነኝ፦
ለእናትሽ እንዲህ በያቸው፦ በጨው ውሃ የተነከሩ ሁለት ስፖንጆች ናቸው፤ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር ነው፣ ቆዳን ያሳክካል፣ ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ለንጽጽር የሚያዙት ሰዎች ላይ ደግሞ መጀመሪያ ጥቂት አስነክተው ያጠፉታል፣ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ እንዳያውቁ። ለከባድ የአእምሮ ሕመም ሕክምና ከሚሰጠው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ጋር አይገናኝም። ደግሞ አደራ፣ ክፍላችሁ ውስጥ «በባትሪ ድንጋይ እንሞክረው» የሚል ልጅ አይጠፋም። ቆዳ ያቃጥላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት የገባለት ሰው ቤተ ሙከራ ውስጥም አስቀድሞ ተጠይቆ ነው የሚለየው።

የሽምብጧ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አስተካከልኩት፦ «ማነቃቂያው ሰዎቹ ተገቢ ነው ብለው የሚያምኑትን ሳይነካ የሚያደርጉትን ለወጠ፤ በቅጣት ፊትና በገዛ ፈቃድ ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ።» እናቴ ስፖንጁን ስነግራት «ታዲያ ይህማ መታጠቢያ ነው» አለች። ጋሼ፣ ሐሙስ 8 ሰዓት ላይ መጥተው የሽማግሌውን ነገር በራስዎ አፍ ቢነግሩልኝ?

የእድር ጸሐፊ፦
ቀብር ከሌለ እመጣለሁ። ካለ ግን ይቅርታ፣ መቀጫው እኔንም ይመለከታል።